አባቴ ከጌሾው ጀርባ የወጣበት ዓመት

በቤታችን ማንም ያላወጀው፣ ሁላችንም የምናከብረው አንድ ሕግ ነበር፤ ከጓሮው ጌሾ ጀርባ ከመሄድህ በፊት ትስላለህ። ጉንፋን ይኑርህ አይኑርህ ሁለት ጊዜ «እህ! እህ!» ትላለህ፣ ትንሽ ቆም ትላለህ፣ ከዚያ ትሄዳለህ። ዶሮ ለማባረርም ሆነ ልብስ ለማስጣት ያው ነው። እኔ አፌን ሳልፈታ መሳል የጀመርሁ ይመስለኛል። ከጌሾው ጀርባ አባቴ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

አባቴ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ዕድሜውን በሙሉ ሒሳብ ያስተማረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ሲጋራ የለመደው በወጣትነቱ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለ ነው። ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ሻይ ቤት በር ላይ ቆሞ ቢያጨስ ዞር ብሎ የሚያየው አይኖርም። እኛ ዘንድ ግን ትንባሆ የሚነካ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ የሚታዘበው ብዙ ነው። ስለዚህ ከሰፈር ሱቅ አይገዛም፤ ከነፋስ መውጫ በሚመላለስ አንድ ሹፌር በኩል ያስመጣል። ካጨሰ በኋላ ጤና አዳም ያኝካል፣ ቅርንፉድ ይጨምርበታል፣ ሰው ሲያናግር የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ጣል ያደርጋል። የሚያየኝ ሁሉ ብርድ የማይችል ሰው ነው ይለኛል ብሎ ያስብ ነበር።

ልጆቹንም አይስመንም። ከክፍሌ አንደኛ በወጣሁበት ዓመት የሌሎቹ አባቶች ልጆቻቸውን እያገላበጡ ሲስሙ፣ የኔው እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ፤ ፊቱን ወደ ጎን አዞረ፣ «በርቺ» አለኝ። ኩሩ ሰው ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምሁት። ከአባቴ የማውቀው ጠረን የትንባሆ፣ የጤና አዳምና የቅርንፉድ ድብልቅ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከሩቁ።

እናቴ ደግሞ አጥብቃ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ መቁረብ። በወጣትነታቸው በሽማግሌ ነው የተጋቡት፤ እንደ ብዙው ሰው ቁርባኑን ለኋላ አቆዩት። ልጆች ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ኋላ የተባለውም ጊዜ ደረሰ። ጎረቤቶቻችን ጥንድ ጥንድ እየሆኑ፣ ነጭ ለብሰው፣ ቆረቡ። ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸውና አንዱ ሌላውን ትቶ አይቆርብም። የንስሐ አባታችን፣ ቤተ ልሔም በተባለው የዜማ ትምህርት ቤት ድጓ የተማሩት ሽማግሌ ቄስ፣ በየወሩ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ ሲመጡ «እናንተስ መቼ ነው?» ይሏታል። እሷም «ትንሽ ይቆየን አባ» ትላለች። ለምን እንደሚቆይ አትናገርም። ሲጋራ ያልተወ ሰው አይቆርብም፤ ለመተው ደግሞ መያዙን መናገር አለበት። አባቴ በንስሐም ጊዜ ይህቺን አንዲት ነገር ተናግሯት አያውቅም። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ ምሥጢሩን ጠበቀችለት። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን እያጣጠፈች፣ «ሳልቆርብ ልሞት ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ማንም የሚሰማት አልመሰላትም።

እኔ ነርስ ሆኜ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተመደብሁ። ለማላውቃቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» እያልሁ ያለ ሐፍረት እጠይቃለሁ፤ «ያቁሙ» እላለሁ፤ እንዴት እንደሚቆምም እመክራለሁ። አርብ ገበያ ስሄድ ግን ያው «እህ! እህ!» ብዬ ነው ልብስ የማሰጣው።

ከአራት ዓመት በፊት የአባቴ ሳል ጠና። አክታው ተመረመረ፣ የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘበትም። ሐኪሙ ግን ሳንባው መጎዳቱን ነግሮ፣ ዛሬ ነገ ሳይል እንዲያቆም አጥብቆ አስጠነቀቀው። አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ ሳብ አድርጎ «እሺ» አለ። ከክፍሉ እንደወጣን «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ጠፋ፤ ሲመለስ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸት ነበር።

እኔ ደግሞ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። እናቴ «እሳት እንደበዛበት ሽሮ ቱግ ትያለሽ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። በሚቀጥለው ጉዞዬ የጠቆረ ሳንባ የተሳለበት ትልቅ ወረቀት ከሥራ ቦታዬ ይዤ ሄድሁና ፊቱ ዘረጋሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ ረጋ ብሎ፣ ከላይ እስከ ታች አየው። «የደም ሥሮቹ አልተሟሉም። ስድስት ከአሥር» አለኝ። ወረቀቱን ጠቅልዬ ይዤ ተመለስሁ።

ቀጥሎ ወንድሜ በራሱ መንገድ ሊረዳ ተነሣ። ባሕር ዳር ነው የሚሠራው። ለመስቀል ሲመጣ በኤሌክትሪክ የሚሞላ፣ እስክርቢቶ የሚያህል ቬፕ ይዞ መጣ። «ይኼ ጭስ አይደለም አባባ፣ እንፋሎት ነው፤ እኔም ሲጋራ የተውሁት በዚህ ነው» አለው። የወንድሜን ማጨስ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ እንግዲህ የምቆጣው ሁለት ሰው ሆነ። አባቴ ግን ደስ አለው። በማግስቱ እናቴ ጓሮ ወጥታ አየሩን እያሸተተች «ማነው ከረሜላ የሚበላው?» ብላ ስትፈልግ፣ ከጌሾው ጀርባ የእንጆሪ ሽታ ያለው ደመና ቀስ ብሎ ይወጣል። እኔ «ሱሱን የሚያመጣው ነገር በዚህም ውስጥ አለ» ብዬ ብጮህ የሰማኝ የለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከተማው መብራት አጣ፤ ቀን ከቀን ቢጠበቅ አልመጣም። ቬፑ ሞተ፣ አባቴ ወደ ሲጋራው ተመለሰ፤ መብራቱ ሲመጣ ሁለቱንም ያዘ።

ይኼኔ ነው እኔ ትልቁን ስሕተት የሠራሁት።

ለማንም ሳልነግር ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሄድሁ። ቄሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዳዊት እየደገሙ አገኘኋቸው። የአባቴን ምሥጢር አንድም ሳላስቀር ዘረገፍሁላቸውና «አባ፣ ይገዝቱልኝ» አልኋቸው። ግዝት በቄስ ቃል መታሰር ነው። የተገዘተውን ነገር የነካ ሰው ከቤተ ክርስቲያን፣ ከማኅበር፣ ከሰው ገበታ የተለየ ይሆናል። አባቴ ሐኪም ባይፈራ ግዝት ይፈራል ብዬ ነበር የተማመንሁት።

«ግዝት እኮ ቀላል ነገር አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ባይችልበትስ?»

«ይችላል አባ። እሱ እልኸኛ ነው» አልሁ። እልኸኛዋስ እኔ ነበርሁ። ነጠላዬን ይዤ፣ እንባዬን አክዬ፣ «እናቴ ሳትቆርብ መሞቷ ነው» አልኋቸው። እዚህ ላይ ተሸነፉ።

በወሩ መጡ፣ ጠበሉን ረጩ። ከዚያ መስቀላቸውን እንደያዙ ወደ አባቴ ዞሩ። «ሰምቻለሁ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ ያቺን ነገር እንዳትነካት ገዝቼሃለሁ» አሉት። እኔ አልነበርሁም፤ በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ቀጥ ብሎ ተነሣ፣ መስቀሉን ተሳለመ፣ «እሺ አባ» አለ። ከዚያ ዞር ብሎ እናቴን አያት።

ስምንት ቀን ቻለ። በየቀኑ እየደወልሁ «እንዴት ነህ?» እላለሁ፤ «ደኅና» ይላል፤ እኔም በልቤ እጨፍራለሁ። በዘጠነኛው ቀን አብሮት ያስተምር የነበረ ወዳጁ ሞተ፤ ከቀብር ሲመለስ አጨሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልገምተው ይገባኝ ነበር፤ እዚያው ተወልጄ አድጌ አልገመትሁትም። አባቴ ግዝት አፍርሻለሁ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ ቅዳሜና እሑድ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሞ ይመለሳል። ከጽዋ ማኅበሩ ቀረ። ጠበል አልቀምስም አለ። ቄሱ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ከቤት ይጠፋል። አሁንማ ከታሰርሁ ወዲያ ብሎ ሲጋራውንም አበዛው።

ግዝቱ ስድስት ወር ሲሞላው፣ አንድ ቀን፣ መርፌ ልወጋ ሰው አስቀምጬ ሳለሁ፣ እናቴ ደወለች። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለችኝም።

«አባትሽ ገበታ ለየ» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ለብቻዬ ስጪኝ አለ። ከእኔ ጋር አብረሽ በልተሽ ግዝቱ እንዳይደርስብሽ አለኝ። አርባ ዓመት አብሬው በላሁ፣ አሁን በትሪ አቀርብለታለሁ።»

መርፌውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። የምናደድበት ሰው ፈለግሁ፤ ከራሴ በቀር አላገኘሁም። ያስገዘትሁት ለእናቴ ብዬ ነበር፤ ከገበታዋ የለየኋትም እኔው ነኝ። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ በማግስቱ ተነሣሁ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ስለነበር ደብረ ታቦር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ፤ በሦስተኛው አርብ ገበያ ገባሁ። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄድሁ። አልሳልሁም።

አባቴ በትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ጋቢውን ተከናንቧል፣ ሲጋራው ግማሽ ደርሷል። ሲያየኝ እጁን ወደ ጀርባው ወሰደ። ጡረታ የወጣ ሰው፣ ስንቱን ተማሪ በክፍል ያንቀጠቀጠ ሰው፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ እጁን ሲደብቅ ማየት አልቻልሁም። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

«አባባ፣ ለቄሱ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ይገዝቱልኝ ያልኋቸውም እኔ ነኝ» አልሁት።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። የደበቀው ሲጋራ ጣቱን ሲያቃጥለው እጁን ወደ ፊት መለሰ።

«አንቺ ነሽ?» አለ በመጨረሻ። «እኔኮ እናትሽ መስላኝ።»

ስድስት ወር ሙሉ እሷ መስላው ኖሯል። አርባ ዓመት የጠበቀችለትን ምሥጢር በስተርጅና አሳልፋ የሰጠችው መስሎት፣ ቂም ይዞ፣ ቂሙንም ለመናገር አፍሮ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ገበታ ለየ። ግዝቱ እንዳይደርስባት ፈርቶም ነው፤ እሱ እውነት ነው። ግን ሁለተኛም ምክንያት ነበረው፣ ለማንም ያልነገረው። ተነሣ፣ ሲጋራውን በጫማው አጠፋ፣ ወደ ቤት ገባ። ተከትዬው ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። አባቴ አጠገቧ ቁጭ አለ።

«በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ» አላት።

«ምን አደረግህ ደግሞ?» አለች፣ ከምስሩ ቀና ሳትል።

ነገራት። እናቴ አሁን ቀና አለችና «እኔ? እኔ የምናገር ብሆን ገና በመጀመሪያው ዓመት አልናገርም ነበር?» አለች። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ አለቀሰች። ያን ቀን ምሳ የቀረበው በአንድ ገበታ ነው። እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ጉርሻ ሳይቀር ደረሰኝ፤ አይገባኝም ነበር።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ቄሱ ሄድን። አባቴ ዕድሜ ልኩን ያልተናገራትን ነገር በራሱ አፍ ተናገረ። እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው ፈቱት። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ እኔ ይህን ስላሉ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፦ «እኔም አጥፍቻለሁ። ሳልጠይቅህ፣ ሳልሰማህ አሰርሁህ። አሁን ሌላ አደርጋለሁ። ጠዋት ጠዋት እዚህ ትመጣለህ። መስቀል ትሳለምና እስከ ማታ እንዳታጨስ ትለምናለህ፤ እስከ ማታ ብቻ። በማግስቱ ትመጣና ቻልሁ ወይም ወደቅሁ ትለኛለህ። ከወደቅህ አርባ አንድ ትሰግዳለህ፣ እንደገና እንጀምራለን።»

«ስንት ጊዜ ነው እንደገና የምንጀምረው?» አለ አባቴ፤ የሒሳብ መምህር አይደል።

«አልቆጥርም» አሉት።

እኔ በትምህርት ቤት ከተማርሁት ሁሉ ይህ በለጠብኝ። የእኔን ድርሻ ጨመርሁበት። በክንድ ላይ የሚለጠፈው መድኃኒት በአካባቢያችን አይገኝም፤ ያለን ምክር ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሳልቆጣ መከርሁት። አምሮቱ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ከታገሠው እንደሚያልፍ፣ ውኃ እንዲጠጣ፣ አፉና እጁ ሥራ እንዲያገኙ የገብስ ቆሎ ኪሱ ውስጥ እንዲይዝ ነገርሁት። የወንድሜንም ቬፕ ራሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ይኼ ከረሜላ ነገር ለሽማግሌ አይሆንም» አለኝ። ወንድሜ ደውሎ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ «እሱ ከቻለ እኔም ቬፑን ለመተው እሞክራለሁ» አለ። እስካሁን እየሞከረ ነው፤ እኔም አልቆጥርበትም።

እናቴ ያደረገችውን ግን ማንም አላዘዛትም። በጣም የሚያምረው ከምሳ በኋላ ነበርና፣ በዚያ ሰዓት ሰፌዷን ይዛ ከጌሾው ጀርባ ትሄዳለች። በርጩማዋን ከበርጩማው አጠገብ ታስቀምጣለች። እሱ ቆሎውን ይቆረጥማል፣ እሷ ምስሯን ትለቅማለች፣ ስለ ጎረቤት ያማሉ። ብቻውን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ የሁለታቸው ሆነ፤ የሳሉም ሕግ በዚያው ቀረ።

ቄሱ ለማኅበረተኞቹም እንዲናገር መከሩት። ይህ ከሁሉ ከበደው። ጽዋው በየተራ በሚደርሳቸው ባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ፣ ላብ እያጠመቀው፣ «ወንድሞቼ፣ እኔ ሲጋራ አጨስ ነበር» አላቸው። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «መምህር፣ ይህን ለመንገር ነው የተነሣኸው? እኛኮ ልጆችህ ሳይወለዱ ጀምሮ እናውቃለን» አለው። ሳቁ። ሁሉም ሰው አውቆ፣ እንዳላወቀ ሆኖ፣ ከጋቢው በላይ ዐይን ዐይኑን እያየ ሲያናግረው ኖሯል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ መሣቅም ማልቀስም አቅቶት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅበሩ በማንም ቤት ቢውል ፊቱ ቆሎ ሳይቀመጥ አይቀርም።

ወድቋል። አራት ጊዜ ወድቆ አራት ጊዜ ሰግዷል፤ ጉልበቱን ሲያመው በስልክ ለእኔ ያማርራል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሊወድቅ ሲል፣ መንገድ ተዘግቶ የሹፌሩ ዕቃ በቀረ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈር ሱቅ ገባ። ባለሱቁ የድሮ ተማሪው ነው። ፓኮው ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ እየታየ፣ ልጁ ፈጠጥ ብሎ «አልቋል መምህር» አለው። አባቴ መደርደሪያውን አየ፣ ልጁን አየ። «መቀነስ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ?» አለው። ሳሙና ገዝቶ ተመለሰ። ያ ባለሱቅ እናቴ የምትመርቀው ምርቃት ሳይደርሰው አይቀርም፤ የኔም ይድረሰው።

ከአንዱ ዓቢይ ጾም እስከሚቀጥለው ያለ አንድ መውደቅ ሞላ። ቄሱ ከዚያም በላይ ትንሽ አቆዩት። ባለፈው ኅዳር፣ አንድ እሑድ፣ አባቴና እናቴ ቆረቡ።

ከቤተ መቅደስ ሲወጡ ከሕዝቡ መሐል ሆኜ አየኋቸው። ሁለቱም ነጭ ለብሰዋል። የቆረበ ሰው አፉን ይሸፍናልና እናቴ በነጠላዋ፣ አባቴ በጋቢው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል። ያን የእጁን እንቅስቃሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሰው በመጣበት ቁጥር፣ እኔም በመጣሁበት ቁጥር አይቼዋለሁ። አሁን ግን ራሱን ቀና አድርጎ፣ በሰው መሐል፣ ማንንም ሳይሸሽ ይሄዳል። እናቴ ክንዱን ይዛለች። ቄሱ ከኋላቸው እያነከሱ ይከተላሉ። እንባዬን በነጠላዬ ብጠርገው ብጠርገው አላቆም አለኝ።

የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይስምም፣ አይሳምም። ቤት ስንገባ እንደ ልማዴ እጄን ለመጨባበጥ ዘረጋሁ። አባቴ በዐይኑ ሳቀና ራሱን ነቀነቀ፤ ከጋቢው ሥር «ነገ» አለኝ። አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ እስቴ ልመለስ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፣ አፉ አልተሸፈነም። በሁለት እጁ ፊቴን ይዞ ጉንጬን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳመኝ። ሳሙና ሳሙና፣ የፀሐይ ላይ ጋቢም ይሸታል፤ ከእነዚህም ሥር ሌላ፣ የራሱ የሆነ፣ የማላውቀው ጠረን አለ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ ምን ምን እንደሚሸት ገና ማወቄ ነበር።